በሲሊንደር ወይስ በአንድ ትንፋሽ? ዓሣ በጦር ለሚያድኑ ጠላቂዎች የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ውስጥ ገብቶ ዓሣ በጦር ለማደን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አየር የታመቀበትን ሲሊንደር አዝሎ፣ ሬጉሌተር የተባለውን አየር ወደ አፍ የሚያመጣ መሣሪያ ነክሶ፣ ከታች እየተነፈሱ ማደን ነው፤ ስኩባ የሚባለው። ሁለተኛው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ትንፋሽን ማረጋጋት፣ አንድ ጊዜ በጥልቀት መሳብ፣ ከዚያ በዚያችው ትንፋሽ ወርዶ መመለስ ነው፤ ፍሪዳይቪንግ። ጦሩ ያው ጦር፣ ዓሣውም ያው ዓሣ ነው። የሚለያየው አዳኙ ከታች የሚያገኘው ጊዜ ነው። ጊዜው ሲለያይ ግን አደጋው፣ ሕጉ፣ ዕቃውና ለዓሣው የሚቀርለት የማምለጥ ዕድል ሁሉ አብሮ ይለያያል።

በሁለቱም አድኛለሁ። ምርጫዬን ከመነሻው ልናገር፦ ለአደን ከሆነ ትንፋሽ ይዞ መጥለቅን አስቀድማለሁ። ስኩባን ግን ከነጭራሹ አልጥለውም፤ ከእሱ የተሻለ መንገድ የማይገኝላቸው ሥራዎች አሉ። ምክንያቴን እዘረዝራለሁ፤ አንባቢ የራሱን አቅምና የሚጠልቅበትን ባሕር መዝኖ ሌላ ውሳኔ ላይ ቢደርስ ቅር አይለኝም።

ከሁሉ በፊት ሕጉ

ብዙ ሰው ሕጉን የሚጠይቀው ዕቃ ገዝቶና ሠልጥኖ ካበቃ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ በብዙ አገር ምርጫው አስቀድሞ ያለቀለት ነውና። በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በግሪክ ለመዝናኛ የሚያድን ሰው በሲሊንደር እየተነፈሰ ዓሣ መውጋት አይፈቀድለትም። የፈረንሳይ ሕግ ጠበቅ ይላል፤ የመተንፈሻ መሣሪያውንና ጦሩን የሚተኩሰውን የዓሣ ጠመንጃ ባንድ ጀልባ ላይ አብሮ መያዝ ራሱ ያስጠይቃል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥም በስኩባ ማደን ክልክል ነው። ከፓስፊክ ደሴቶች አሜሪካን ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ጉዋም ደግሞ በ2020 አግደውታል። ባሃማስ ስኩባውን ብቻ ሳይሆን ቃታ ያለውን የዓሣ ጠመንጃም ይከለክላል፤ የሚፈቀደው በእጅ ላስቲክ ለጥጠው የሚለቁት «ሃዋይያን ስሊንግ» ነው። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ደግሞ መንገዱ የትኛውም ቢሆን በጦር ማደን አይቻልም።

የሚፈቅዱም አሉ። በፍሎሪዳ በብዙ ሥፍራ በስኩባ ማደን ይቻላል፤ ቦታው፣ የዓሣው ዝርያና መጠኑ ግን በደንብ ተለይቶ ተቀምጧል። ኒውዚላንድ በስኩባ ዓሣ መውጋትን ትፈቅዳለች፤ ፓዋ የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ለመልቀም ግን የመዝናኛ ጠላቂ ሲሊንደር ይዞ እንዲወርድ አትፈቅድም። ይህ የኒውዚላንድ ደንብ የሕጎቹን ሁሉ መንፈስ ያሳያል ብዬ አምናለሁ፤ ማምለጥ የማይችል ፍጡር ካለ፣ የሰውየው ትንፋሽ አጭር ይሁን ነው ነገሩ።

ሕጎች በየጊዜው ይለወጣሉ፤ ባንዱ የባሕር ዳርቻ የተፈቀደው በአጎራባቹ ጥብቅ ሥፍራ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት የዚያን አካባቢ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ደንብ ማንበብ ግድ ነው። ስኩባ ተከልክሎ ካገኙት የቀረውን ንጽጽር ለእውቀት ያህል ያንብቡት።

ከታች ስንት ደቂቃ?

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ጥልቀቱ 15 ሜትር ነው እንበል። በቅጡ የሠለጠነ፣ ግን የውድድር ሰው ያልሆነ የትንፋሽ ጠላቂ ለመውረድ 20 ሰከንድ፣ ለመውጣትም 20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ወለሉ ላይ 30 ሰከንድ ቢቆይ አንዱ ዙር 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆነ። ከዚያ ቢያንስ የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ላይ ሆኖ ማረፍ አለበት። ሳይታክት ቢሠራ በሰዓት 17 ጊዜ ይወርዳል፤ ከዓሣው ጋር ያሳለፈው ጊዜ ሲደመር ግን 8 ደቂቃ ተኩል ነው። ያውም በ30 ሰከንድ ተቆራርጦ።

ወደ ስኩባው እንምጣ። በብዙ ቦታ የሚከራየው የአሉሚኒየም ሲሊንደር የውስጥ መጠኑ 11 ሊትር ያህል ሆኖ እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይሞላል። 50 ባሩ መጠባበቂያ ስለሆነ አይነካም። የቀረው 150 ባር በ11 ሲባዛ 1,650 ሊትር አየር ነው። ላይ ሲሆን በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው፣ 15 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.5 እጥፍ ስለሚሆን 50 ሊትር ይፈጃል። አየሩ 33 ደቂቃ ይበቃዋል ማለት ነው። ዓሣ አይቶ ልቡ ሲመታና ትንፋሹ ወደ 30 ሊትር ሲያድግ ግን 22 ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል። አዳኝ ከተራ ጎብኚ ጠላቂ ይበልጥ አየር የሚጨርሰው ለዚህ ነው፤ ማሳደድ፣ ማነጣጠርና ከተወጋ ዓሣ ጋር መታገል ሁሉ አየር ይበላል።

እንዲያም ሆኖ 22 ያልተቆራረጡ ደቂቃዎች ትልቅ ጸጋ ናቸው። በስኩባ የወረደ ሰው ስንጥቅ ውስጥ በመብራት አጮልቆ ማየት፣ ዝርያውን በእርግጠኝነት መለየት፣ መጠኑን መገመት፣ ሲጠራጠርም መተው ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃ ውስጥ በማስክ፣ ማለትም በጠላቂ መነጽር፣ ሲታይ ነገር ሁሉ ከእውነተኛ መጠኑ በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ ከእውነተኛ ርቀቱም በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ዓሣ 40 መስሎ ይታያል። የትንፋሽ ጠላቂ ይህን ሁሉ በሦስትና በአራት ሰከንድ ውስጥ አስልቶ መወሰን አለበት። ጀማሪ ሲሆን ደግሞ ይሳሳታል፤ ላይ ሲያወጣው ከተፈቀደው መጠን በታች የሆነ፣ ነፍስ የሌለው ዓሣ እጁ ላይ ይቀራል። በዚህ ነጥብ ስኩባው ይበልጣል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

አረፋውና ጸጥታው

ሬጉሌተር ሲተነፍሱበት ይጮኻል። ወደ ውስጥ ሲስቡ ያፏጫል፤ ሲያስወጡ አረፋው እየተንደቀደቀ ይወጣል። አንዳንድ ዓሦች፣ በተለይ ጦር አይተው በማያውቁ ባሕሮች ውስጥ ያሉ ግሩፐር የሚባሉት የቋጥኝ ዓሦች፣ ለአረፋ ግድ የላቸውም፤ እንዲያውም ሊያዩ ይመጣሉ። በየቀኑ በሚታደንበት ሥፍራ ግን የአረፋው ድምፅ ማስጠንቀቂያ ይሆናቸዋል። ከባሕሩ ወለል ርቀው በሰማያዊው ውሃ የሚዘዋወሩት እንደ ቱና ያሉት ፈጣን ዓሦችም ከአረፋ ይሸሻሉ። እነሱን የፈለገ ሰው ሲሊንደሩን ጀልባው ላይ ቢተወው ይሻለዋል።

ጣሊያኖች «አስፔቶ» የሚሉት የአደን ስልት አለ፤ መጠበቅ ማለት ነው። ይህን ስልት በደንብ ያየ ሰው ለምን በትንፋሽ የሚያድኑ ሰዎች እንዲህ እንደሚወዱት ይገባዋል። አንድ ጠዋት 12 ሜትር ላይ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ በሆዴ ተኛሁ። አንድ እጄ ቋጥኙን ጨብጧል፤ የዓሣ ጠመንጃዬ ከቋጥኙ ጫፍ ትንሽ ብቅ ብሏል። ከልቤ ምት በቀር የምሰማው ነገር የለም። መጀመሪያ ትናንሾቹ ተመለሱ፤ ማስኬ ፊት ለፊት አልጌ እየቀነጠሱ መብላት ጀመሩ። ቀጥሎ ከማላየው ጥግ አንድ ትልቅ ግሩፐር ቀስ እያለ ወጣ፤ ጎኑን ሳይሆን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ጉንጩን እየነፋ ቆመ። ሦስት ሜትር አይሆንም። ጎኑን እስኪሰጠኝ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሰውነቴ ግን መተንፈስ ፈልጎ ከሆዴ በላይ መርገብገብ ጀምሮ ነበር። ትቼው ወጣሁ። ያ ዓሣ የተረፈው በእኔ ደግነት አይደለም፤ ትንፋሼ ስላለቀ ነው። ሲሊንደር ቢኖረኝ ኖሮ ሌላ አምስት ደቂቃ እጠብቀው ነበር።

የሚገድለው ምንድን ነው?

ሁለቱም መንገዶች ሰው ይገድላሉ፤ አገዳደላቸው ግን ተቃራኒ ነው። ባንደኛው ሕይወት የሚያተርፈው ደንብ በሌላው ሞት ያመጣል። ስለዚህ «ዋና እችላለሁ፣ ስኩባም ተምሬያለሁ፣ ፍሪዳይቪንግ ምን ያቅተኛል» የሚለው አነጋገር ያስፈራኛል።

ከስኩባው እንጀምር። የመጀመሪያው ሕግ «ትንፋሽህን አትያዝ» ነው። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው ሦስት እጥፍ ነው፤ እዚያ ሳንባን ሞልቶ የተሳበ አየር ላይ ሲደርስ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ካላስወጡት ሳንባን ይቀድዳል፤ አረፋው ወደ ደም ሥር ገብቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ጥልቀት አያስፈልግም፤ ሙሉ ሳንባ ይዞ አንድ ሜትር ከምናምን መውጣት እንኳ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። የአዳኝ ደመ ነፍስ ግን ዓሣው ሲቀርብ ትንፋሹን መያዝ ነው፤ አረፋው እንዳያስደነግጥበት። በዚያች ቅጽበት ሳንባው እንደ ፊኛ ሰውነቱን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ዓይኑ ዓሣው ላይ ስለሆነ መነሣቱን አያስተውልም። በስኩባ የሚያድን ሰው ይህን ልማድ ከሥሩ ነቅሎ መጣል አለበት።

ሁለተኛው ናይትሮጅን ነው። የመዝናኛ ጠላቂዎች ሠንጠረዦች ያለ ማረፊያ በቀጥታ ለመውጣት የሚፈቅዱት ጊዜ 18 ሜትር ላይ 55 ደቂቃ ገደማ፣ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም አወጣጡ ከፈጠነ፣ ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን፣ ሲከፋም የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጎዳል። በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ መቆም የሚባለው ለዚህ ነው። ዓሣ ግን በሠንጠረዥ አይሄድም። ወደ ላይ ይሸሻል፣ ወደ ታች ይሸሻል፤ የሚያሳድደውም ሰው አብሮ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይወርዳል። በግምት 30 ሜትር አካባቢ ላይ ደግሞ ናይትሮጅኑ ራሱ ማስከር ይጀምራል፤ ላስቲኩ የተወጠረ የዓሣ ጠመንጃ ይዞ መስከር ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ ሰው አይነግርዎትም፦ ገመዱ። ጦሩ ከጠመንጃው ጋር የታሰረበት ገመድ አለ። የተወጋ ዓሣ ዙሪያውን ይሽከረከራል፤ ስኩባ የለበሰ ሰው ደግሞ በቱቦ፣ በሰዓት፣ በቀበቶና በዘለበት የተሞላ ነው። አንድ ጊዜ ገመዱ ከሲሊንደሬ አንገት ላይ ተጠምጥሞ፣ ዓሣው በጀርባዬ በኩል እየጎተተኝ፣ እጄ እዚያ አልደርስ ብሎኝ ያውቃል። ጓደኛዬ ቆርጦ አወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቢላዋ እይዛለሁ፤ አንዱን ደረቴ ላይ፣ አንዱን በግራ እጄ በምደርስበት ቦታ።

አሁን ወደ ትንፋሹ። እዚህ ጠላቱ ኦክሲጅን ማነስ ነው፤ መጥፎነቱ ሳያስታውቅ መምጣቱ። መተንፈስ እንድንፈልግ የሚያደርገን በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት እንጂ የኦክሲጅን ማነስ አይደለም። ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠርጎ ያስወጣል፤ ኦክሲጅኑን ግን ይህ ነው የሚባል ያህል አይጨምርም። የማንቂያውን ደወል ዘጋው ማለት ነው። ከታች ሆኖ ምንም አይሰማውም፤ ደስም ሊለው ይችላል።

ግፊቱ ደግሞ ያታልላል። 20 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ ሳንባው ውስጥ የቀረው ኦክሲጅን 8 በመቶ ብቻ ነው እንበል። ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ለደሙ የሚሰማው 24 በመቶ እንዳለ ያህል ነው፤ እኛ አሁን ከምንተነፍሰው አየር እንኳ ይበልጣል። መውጣት ሲጀምር ግፊቱ ይቀንሳል። ላይ ሲደርስ ያው 8 በመቶ 8 በመቶ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አንጎል ደግሞ በዚህ መጠን አይሠራም። አብዛኛው ራስን መሳት ከታች ሳይሆን በመጨረሻዎቹ 10 ሜትሮች ውስጥና ልክ ላይ ከደረሱ በኋላ የሚከሰተው በዚህ ምክንያት ነው።

አብሮኝ የሚጠልቅ አንድ ወዳጄ ከ18 ሜትር ወጥቶ፣ ተንፍሶ፣ «ደህና ነኝ» የሚለውን የእጅ ምልክት አሳየኝ። ዞር ልል ስል ከንፈሩ መጥቆሩን አየሁ። ጭንቅላቱ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠና ፊቱ ውሃው ላይ ተደፋ። ከወጣ አሥር ሰከንድ አይሞላውም። ገልብጬ ፊቱን ከውሃው በላይ አደረግሁ፤ ማስኩን አወለቅሁ፤ ጉንጩን መታ መታ እያደረግሁ፣ ፊቱ ላይ እፍ እያልሁ ስሙን ጠራሁት። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ገለጠ። ሲነቃ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ «ዓሣው የት ሄደ?» ነበር ያለኝ። ያን ዕለት ዞር ብዬ ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር፤ ሬሳውም እጁን አንሥቶ «ደህና ነኝ» ካለበት ቦታ ሥር ይገኝ ነበር።

ስለዚህ በትንፋሽ የሚያድን ሰው ብቻውን አይጠልቅም። አንዱ ሲወርድ አንዱ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ መውረድ ብቻን ከመጥለቅ አይለይም። የወጣውን ሰው ቢያንስ 30 ሰከንድ ዓይን ከዓይን ሳይነቅሉ ማየት ነው። ለመስመጥ በቀበቶ የሚታጠቀው ክብደትም ቀለል ያለ ይሁን፦ ላይ ሆኖ ትንፋሹን ቢያስወጣ እንኳ መንሳፈፍ አለበት፤ 10 ሜትር ገደማ ላይ ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም ቢመጣጠን ጥሩ ነው። ቀበቶው ባንድ እጅ ተጎትቶ የሚፈታ ይሁን። የዓሣ ጠመንጃው ላይ ካለ ተንሳፋፊ ኳስ ጋር በረጅም ገመድ ይታሰር፤ ያን ጊዜ ዓሣው ቢያስቸግር ጠመንጃውን ለቆ መውጣት ይቻላል። ስኩባ የለበሰ ሰው ከጠንካራ ዓሣ ጋር እስከ መጨረሻው ይታገላል፤ የትንፋሹ ሰው ለቆ ወጥቶ፣ ተንፍሶ፣ ገመዱን ከላይ ይስባል።

በትንፋሽ መጥለቅ ናይትሮጅንን ፈጽሞ ያስቀራል ማለት ግን አይደለም። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ የቱዋሞቱ ደሴቶች ዕንቁ የሚያወጡ ጠላቂዎች በየዕለቱ እየደጋገሙ በጥልቅ ሲወርዱ የሚደርስባቸውን ማዞር፣ ሽባነትና ሞት «ታራቫና» ይሉት ነበር። ከ30 ሜትር በላይ እየወረደ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያርፍ አዳኝ ይህን ማወቅ አለበት።

አንድ ሁለቱንም የሚነካ ደንብ ላክል፦ ትንፋሽ ይዞ የወረደ ሰው ከታች ካለ የስኩባ ጠላቂ ሬጉሌተር አየር እንዳይስብ። 10 ሜትር ላይ አንድ ጊዜ ስቦ፣ እንደ ልማዱ ትንፋሹን ይዞ ቢወጣ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል። በጨዋታ መካከል የተደረገ እንኳ ቢሆን ሰው ይገድላል።

ለዓሣው የሚቀርለት

ግሩፐሮች አብዛኞቹ ዝርያዎቻቸው ሴት ሆነው ይጀምሩና አድገው፣ ዕድሜ ጠግበው ወንድ ይሆናሉ። ከአንድ ቋጥኝ ትልልቆቹን ብቻ እየለየ የሚያወጣ አዳኝ ወንዶቹን እየጨረሰ ነው ማለት ነው። የትንፋሽ አዳኝም ይህን ጥፋት ሊያደርስ ይችላል፤ ብዙዎቹ የማይደርሱበት ጥልቀት ስላለ ግን ዓሦቹ መሸሻ ይኖራቸዋል። 35 ሜትር ላይ ያለ ግሩፐር ከአብዛኛው የትንፋሽ ጠላቂ የተሰወረ ነው፤ ስኩባ ለለበሰው ግን ገና የመዝናኛ ወሰኑ ውስጥ ነው። ሲሊንደር ያንን መሸሻ ያነሣዋል።

ሌሊት ሲሆን ይብሳል። በቀቀን ዓሦች ሌሊት ኮራሉ ውስጥ ይተኛሉ፤ ግንባረ ጉብ የሆነው ትልቁ ዝርያ በመንጋ ተጠግቶ ስለሚተኛ በመብራትና በሲሊንደር የወረደ ሰው አንድ በአንድ ሊለቅመው ይችላል። ይህን አደን ብዬ ልጠራው አልችልም። የፓስፊክ ደሴቶች በስኩባ ማደንን የከለከሉት ኮራሉን የሚፍቁትና አልጌውን የሚያጸዱት እነዚህ ዓሦች እያለቁ ስላስጨነቋቸው ጭምር ነው።

በስኩባ ማደን የሚያኮራው አንድ ቦታ ግን አለ፤ አንበሳ ዓሣ የሚባለው ላይ። መኖሪያው የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ባሕር ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ካሪቢያንንና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን አዳርሶ የአገሬውን ትናንሽ ዓሦች እየበላ ነው። እዚያ የሚያጠቃው ጠላት እምብዛም የለውም። ቀስ ብሎ ስለሚንቀሳቀስና ሰው ስለማይፈራ በአጭር የእጅ ጦር ይወጋል፤ ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ግን መርዛም ስለሆነ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ይከተታል። ከወጋ ቁስሉን ቆዳ በማያቃጥል፣ እስከ 45 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ሕመሙን ያስታግሳል። በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜም ጥልቅ ውሃ ውስጥ ስለሚገኝ ይህ የሲሊንደር ሥራ ነው። ፍሎሪዳ ለዚህ ዓሣ የቁጥርም የመጠንም ገደብ አላስቀመጠችም።

ከተገደለ በኋላ ያለውም ይነጻጸራል። የትንፋሽ አዳኝ ዓሣውን ወዲያው ላይ አውጥቶ፣ አንጎሉን ወግቶ፣ ደሙን አፍስሶ በረዶ ውስጥ ይከታል፤ ሥጋው ከስኩባው ዓሣ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ስኩባ የለበሰው ሰው እስኪወጣ ድረስ የሚደማ ዓሣ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ሻርክ ባለበት ባሕር ይህ ልማድ መቅረት አለበት፤ ዓሣው በገመድ ወደ ላይ ቢላክ ይመረጣል።

ዕቃና ሥልጠና

በዚህ ብዙ አልቆይም። ስኩባ ሲሊንደር፣ ሬጉሌተር፣ አየር የሚሞላ ጃኬት፣ ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥር የእጅ ኮምፒውተር፣ አየር የሚሞላበት ጣቢያ፣ ብዙ ጊዜም ጀልባ ይፈልጋል፤ ሲሊንደሩ ባዶውን 14 ኪሎ ይመዝናል። ለትንፋሹ ጠባብ ማስክ፣ ስኖርክል (ፊት ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚተነፈስበት ቱቦ)፣ ረጅም ፊን (የእግር መቅዘፊያ)፣ ሁለት ክፍል የሆነ የጎማ ልብስ፣ የጎማ ቀበቶ፣ ተንሳፋፊ ኳስ ከነባንዲራው ይበቃል፤ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ መዋኘት ይቻላል። ወጪው አይወዳደርም፤ የስኩባው ወጪ አንዴ ገዝተው የሚገላገሉት ሳይሆን በየመጥለቁ የሚከተል ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ የስኩባ ኮርስ በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ እስከ 18 ሜትር ያወርዳል። ከዚያ ብዙ ቀን ጠልቀው ውሃ ውስጥ ሳይወጡ ሳይወርዱ መቆም እስኪለምዱ ድረስ ጠመንጃ አይያዙ። የፍሪዳይቪንግ የመጀመሪያ ኮርስም በቀናት ያልቃል፤ አስቸጋሪው ክፍል ጆሮ ነው። በጭንቅላት ተዘቅዝቆ ሲወረድ አፍንጫን ይዞ ከሆድ መግፋት ብዙም አያስኬድም፤ በምላስና በጉሮሮ አየሩን የሚገፋውን «ፍሬንዝል» የተባለ ዘዴ መማር ያስፈልጋል። ለአንዳንዱ ሰው በአንድ ቀን ይገባዋል፤ ለአንዳንዱ ወራት ይፈጃል። የሚያሳምም ጆሮን በግድ አልፎ መውረድ ታንቡርን ይቀድዳል።

ታዲያ ማን የትኛውን ይምረጥ?

ሁልጊዜ አብሮዎት የሚጠልቅ፣ የሠለጠነ፣ ዓይኑን ከእርስዎ የማያነሣ ጓደኛ ካለዎት፣ ፍላጎትዎም ለቤት የሚበቃ አንድ ሁለት ዓሣ ከሆነ፣ ትንፋሽ ይዞ መጥለቅን ይምረጡ። ጓደኛ ከሌለዎት ግን «እንግዲያው ስኩባ ይሻለኛል» አይበሉ፤ ጓደኛ እስኪያገኙ ባሕሩን በስኖርክል ከላይ ይዩት።

እልኸኛ ከሆኑ፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ መተው የሚያንገበግብዎ ዓይነት ሰው ከሆኑ፣ ፍሪዳይቪንጉ ላይ በጣም ይጠንቀቁ። «አንድ ሰከንድ ብቻ» የሚለው ሐሳብ ነው ሰው የሚገድለው። የታወቀ የጊዜ ወሰን አስቀምጠው፣ የእጅ ሰዓትዎ እንዲጮኽ አድርገው፣ ሲጮኽ ዓሣው አፍንጫዎ ላይ ቢሆንም ይውጡ።

ስኩባን የምመክረው ሕጉ በግልጽ ለሚፈቅድበት፣ ለአንበሳ ዓሣና ለመሰል ወራሪ ዝርያዎች፣ በመጥለቅ ብዙ ልምድ ላለውና አየሩን፣ ጥልቀቱን፣ ሰዓቱን ማደን ውስጥ ሆኖም ለማይረሳ ሰው ነው። 200 ባር ይዤ ወርጄ ገና ምንም ሳላድን 70 ላይ ከደረስሁ፣ ጉዞው አብቅቷል ብሎ መውጣት የሚችል ሰው ማለቴ ነው። ጆሮው በጭንቅላት ለመውረድ እምቢ ያለውም ሰው እዚህ ጥሩ ዕድል አለው። ሳንባው ከዚህ ቀደም ተቀዶ የሚያውቅ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን የትኛውንም ከመምረጡ በፊት የጠላቂዎችን ሕክምና ከሚያውቅ ሐኪም ጋር ይነጋገር።

ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ለማድረግ የሚያስቡ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። በስኩባ ከጠለቁ በኋላ በዚያው ቀን ትንፋሽ ይዞ መውረድ አይገባም፤ ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን በፍጥነት መውረድና መውጣት አይስማማውም። ከ12 እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ እኔ 24ቱን እጠብቃለሁ። ስለዚህ የጉዞውን የመጀመሪያ ቀናት ለትንፋሹ ይስጧቸው፤ ሰውነትም ባሕሩን ይለምዳል። ስኩባውን ወደ መጨረሻ ያድርጉት፤ ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ግን አውሮፕላን ከመሳፈርዎ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይለፍ። በዚያች ባዶ ቀን የዓሣ ጠመንጃውን ላስቲክ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ፤ የተሰነጠቀ ካለም ያን ጊዜ ይታያል።